ማዳፈን ማጥፋት አይደለም

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ አልጠራሁም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁ ሐዋሳ ከቤቴ ሆኜ ነው። መስኮቱ ክፍት ስለሆነ የባጃጅ ድምፅ ከሰማችሁ ታገሱኝ፣ ብዘጋው በሙቀቱ አልችልም። የካቲት ነው። ሐዋሳ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ ጠዋት ጸጥ ይላል፣ ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ይነሳና አቧራው ዓይን አያስገልጥም፣ ታቦር ተራራ ላይ ያለው ሣር ደግሞ ገለባ መስሏል።

ባለፈው እሁድ ማታ ሐይቁ ዳር ተቀምጬ ነበር። ከከተማው ራቅ ብሎ ካለ ኮረብታ ላይ ቀይ መስመር ታየ፣ ቀስ እያለ ወደ ላይ የሚወጣ። አጠገቤ የነበረ ልጅ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሳና «እንዴት ያምራል! ደመራ አይመስልም?» አለ። ልጁ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፣ ከሩቅ ሲታይ እውነትም ያምራል። እኔን ግን ባር ባር አለኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ለማንም በደንብ ያልነገርኩት ነገር አለ። ዛሬ ልንገራችሁ።

ሰባት ሆነን ነበር የሄድነው። ጥር ነው፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ ከወንዶ ገነት በላይ ወዳለው ደን። ለማታውቁት፣ ወንዶ ገነት ከሐዋሳ ብዙም አይርቅም። ፍል ውኃው አለ፣ የደን ኮሌጁ አለ፣ ከዚያ በላይ ያለው ተራራ ላይ ደግሞ ዝግባው፣ ወይራው፣ ጉሬዛው። ከከተማ ለወጣ ሰው ሌላ አገር የገባ ነው የሚመስለው። ድንኳን ተከልን፣ ጭራሮ ለቀምን፣ እሳት አነደድን፣ ጊታር የያዘ ልጅ ነበር፣ እስከ እኩለ ሌሊት ዘፈንን። ደስ የሚል ሌሊት ነበር፣ ይህን አልክድም።

ጠዋት በዚያው ፍም ቡና ተፈላ። ልንነሳ ስንል «እሳቱን እኔ አጠፋዋለሁ» ያልኩት እኔ ነኝ። በጫማዬ አፈር እየገፋሁ ከመርኩበት። ቅጠል የተቀላቀለበት፣ ጥቁር፣ ለስላሳ አፈር። እስኪሸፈን ድረስ ከመርኩበትና ረገጥ ረገጥ አደረግኩት። ነበልባል የለም፣ ጭስ የለም። ውኃ ነበረን? ነበረን፣ ሁለት ሊትር ያህል። ለመንገድ ይሁነን ብለን ያዝነው።

ግማሽ መንገድ ወርደን ጀበናው መረሳቱ ታወቀ። የአንዷ ጓደኛችን እናት ጀበና ስለነበር ትተነው መሄድ አልቻልንም። እኔና አንድ ልጅ ተመለስን። ከተነሳን ሁለት ሰዓት ቢሆነን ነው።

መጀመሪያ ሽታው መጣ። ከዚያ ድምፁ፣ እርጥብ ቅጠል መሬት ሲመታ የሚሰማው ድምፅ። ደርሰን ስናይ እኔ የከመርኩት አፈር እንዳለ ነው፣ ምንም አልሆነም። ከእሱ አንድ ክንድ ያህል ራቅ ብሎ ግን፣ ማንም ክብሪት ባልጫረበት ቦታ፣ መሬቱ ተበስቶ ጭስ ይወጣል፣ ከዚያ የተነሳው እሳት ደግሞ ደረቁን ቅጠል እየበላ ወደ ዳገቱ ጀምሯል። አንድ ሽማግሌ ቅርንጫፍ ይዘው ይመታሉ። የልጅ ልጃቸው፣ አሥር ዓመት ቢሆነው ነው፣ ከታች ካለው ምንጭ በቢጫ ጀሪካን ውኃ ያመላልሳል።

አልተቆጡንም፣ እናንተ ናችሁ ወይ ብለውም አልጠየቁንም፣ ቅርንጫፍ ሰብረው ሰጡን እንጂ። ምን ያህል እንደታገልን እንጃ፣ አንድ ሰዓት ይሆናል። እጄ ተላጠ። እሳቱ ከአንድ ክፍል ቤት የማይበልጥ ቦታ ላይ ቆመ፣ ንፋሱ ገና ስላልተነሳ። ቀትር ላይ ቢሆን ኖሮ ምን እንደሚሆን ማሰብ አልፈልግም።

ሲያልቅ ሽማግሌው ድንጋይ ላይ ተቀመጡና «ማነው ያዳፈነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ አባባ።»

«እናትህ ማታ እሳት ስታዳፍን አይተህ አታውቅም?»

«አውቃለሁ።»

«ለምንድነው የምታዳፍነው?»

ዝም አልኩ። መልሱን አውቀዋለሁ። እናንተም ታውቁታላችሁ። ጠዋት እንድታገኘው ነዋ!

ይቺ ጥያቄ ናት እስከ ዛሬ ያልተወችኝ። አያቴ ቤት ነው ያደግኩት፣ ማታ ማታ እራት ከተበላ በኋላ ፍሙን በአመድ ትሸፍነዋለች። ጠዋት አመዱን ገለጥ አድርጋ፣ ጭራሮ ጣል፣ እፍ፣ ቦግ ይላል። ክብሪት አያስፈልጋትም። ጎረቤት እንኳ እሳት ሊጭር ወደ እሷ ነበር የሚመጣው። ነገሩ ቋንቋችን ውስጥ ሳይቀር አለ። ያልበረደ ጠብ ስናይ «የተዳፈነ እሳት ነው» እንል የለም እንዴ? ሁላችንም እናውቀዋለን። ጫካ ስንገባ ግን ያንኑ እሳት ለማቆየት የሚደረገውን ነገር እናደርግና «አጠፋነው» ብለን እንሄዳለን።

ከዚያ በኋላ ብዙ አነበብኩ፣ ደን የሚያጠኑ ልጆችንም ጠየቅኩ። ነገሩ እንዲህ ነው። እሳት ነበልባል ለማውጣት ብዙ አየር ይፈልጋል። ፍም ሆኖ ለመቆየት ግን ትንሽ ይበቃዋል። አመድና አፈር ስታለብሰው አየሩን ትቀንስበታለህ፣ ሙቀቱን ግን ታቆይለታለህ፣ ብርድ ልብስ እንደማልበስ ነው። የደን አፈር ደግሞ የግቢያችን አፈር አይደለም። የላይኛው ክፍል የዓመታት ቅጠል፣ ስንጥርና የዛፍ ሥር የተከማቸበት ብስባሽ ነው። በደረቅ ወቅት ብስባሹ ራሱ ይቃጠላል። እኔ እሳት ላይ የከመርኩት አፈር ሳይሆን ማገዶ ነበር። እሳቱ ከታች ከታች ሥር ይዞ ቀስ እያለ ይሄዳል፣ በሰዓት ጥቂት ጣት ያህል፣ ጭሱም አይታይም። በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ደረቅ ቅጠል ያለበት ቦታ ብቅ ሲልና ንፋስ ሲያገኝ ነው ሰደድ እሳት የሚሆነው። በዚያን ጊዜ ያነደደው ሰው ቤቱ ገብቶ ፎቶውን ለጥፏል።

ዳገት ላይ ደግሞ ይብሳል። እሳት ሽቅብ ሲወጣ ነበልባሉ ከፊቱ ያለውን ሣር አስቀድሞ ያደርቀዋል፣ ስለዚህ ከሜዳው ይልቅ በጣም ይፈጥናል። ምናልባት አንድ ቀን እሳት ቢያጋጥማችሁ ወደ ላይ አትሩጡ። ወደ ጎን ወይም ወደ ታች፣ ሣር ወደሌለበት ወይም ቀድሞ ወደተቃጠለ ቦታ ሂዱ።

በዕድሜ ከፍ ያላችሁ 1992 ዓ.ም.ን ታስታውሳላችሁ። በባሌና በቦረና የነበረው ቃጠሎ። በዚያ በጋ ከ100,000 ሄክታር በላይ መሬት ላይ ያለ ደንና ቁጥቋጦ ነው የተቃጠለው። ገበሬው፣ ወታደሩ፣ ተማሪው ቅርንጫፍና አካፋ ይዞ ዘመተ፣ ከደቡብ አፍሪካ፣ ከጀርመን፣ ከአሜሪካ ባለሙያዎች መጡ፣ በመጨረሻ ትልቁን ሥራ የሠራው ዝናብ ነው። በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ደግሞ ሰሜን ተራሮች ነደደ። ዋልያውና ቀይ ቀበሮው ያሉበት ፓርክ። ከእስራኤል ድረስ የእሳት አጥፊ ቡድን መጣ። ይህን የማነሳው የኔ ትንሽ እሳት ከዚያ ጋር እኩል ናት ብዬ አይደለም። ግን ዳገት ላይ ያለ ደን አንዴ ከያዘ መኪና አይደርስበትም፣ ቧንቧ የለም። ሰው በእግሩ ወጥቶ በቅጠል ነው የሚመታው።

አንድ ነገር ደግሞ ልበል። ስለ ደን ቃጠሎ ሲወራ ከተሜው ቶሎ ብሎ ጣቱን ገበሬው ላይ ይቀስራል። ከሰል አክሳዩ፣ ማር ቆራጩ፣ ለግጦሽ ሣር የሚያቃጥለው። እውነት ነው፣ ብዙ ቃጠሎ ከዚያ ይነሳል። ግን የሚያቃጥለውም የሚያጠፋውም እዚያ የሚኖረው ሰው ነው። እኔ ያስነሳሁትን እሳት ያጠፉት ከእኔ ሁለት እጥፍ የሚበልጥ ዕድሜ ያላቸው ሰው ናቸው፣ ከሰባታችን አንዳችንም ስማቸውን ሳንጠይቅ በማሳቸው ጥግ ያለፍንባቸው። እኛ ለአንድ ሌሊት ሄደን የምንመለስ ሰዎች ነን። ደኑ ቢቃጠል ምንጩ የሚደርቀው በእነሱ ላይ ነው።

እዚሁ ሲዳማ ውስጥ የዘመን መለወጫው በዓል፣ ፊቼ ጫምባላላ፣ ሲከበር የጎሳ መሪዎች ሕዝቡን ከሚመክሩት ነገር አንዱ አገር በቀል ዛፍ አትቁረጡ የሚል ነው። በዓሉ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ ሲመዘገብ ይህ ምክር አብሮ ተጽፏል። እኛ ግን በዓሉ ወደሚከበርበት ጉዱማሌ ሄደን ጨፍረን፣ በሚቀጥለው ወር ያልተቆረጠው ዛፍ ሥር እሳት እናነዳለን።

የጉዞ አዘጋጆችን በተመለከተ፣ ከልቤ ነው የምናገረው። ቴሌግራም ላይ የምታወጡት ማስታወቂያ ላይ «ካምፕ ፋየር» የሚለው ከምሳውና ከትራንስፖርቱ ጋር ዋጋው ውስጥ ተካቷል። በጥርም፣ በየካቲትም። ሃምሳ ሰው ይዛችሁ ትወጣላችሁ፣ ያን ሁሉ እሳት የሚያጠፋው ማን እንደሆነ ግን አይነገርም። ሕጉም ቀልድ አይደለም፣ የደን አዋጅ አለ፣ ደን ማቃጠል በከባድ እስራት ያስቀጣል። እኔ ግን ሰው ሕጉን ፈርቶ ሳይሆን ነገሩን ተረድቶ ቢተው እመርጣለሁ። ከጥር እስከ ዝናቡ ድረስ ጫካ ውስጥ እሳት አታንድዱ። በቃ። ቡናውን ቤት አፍልታችሁ በፔርሙዝ ያዙ። ብርዱን ጋቢ ይችለዋል። ሲጋራም ያው ነው፣ ቁራጩን ውኃ ያለበት ላስቲክ ውስጥ ክተቱ።

እሳት በሚቻልበት ወቅትም ቢሆን መጀመሪያ የአካባቢውን ሰው ወይም የደን ጠባቂውን ጠይቁ። ቅጠሉንና ብስባሹን በዶማ ጠርጋችሁ እውነተኛው አፈር፣ ቀዩ፣ ሲወጣ ብቻ አንድዱ፣ ዙሪያውን ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል። ከላይ ቅርንጫፍ አይኑር። ትንሽ እሳት ይበቃል፣ ጉልቻ የምታህል። ንፋስ ከተነሳ ወዲያው አጥፉት። የሚጠብቀው ሰው አንድ ይሁን፣ ስሙ የታወቀ፣ «ሁላችንም እናየዋለን» ካላችሁ ማንም አያየውም።

ማጥፋቱ ደግሞ ሰፈሬ ካለችው ጀበና ቡና ሻጭ የተማርኩት ነው። ማታ ልትገባ ስትል ከሰሏን አታዳፍንም። ከሰል ውድ ነው፣ ብታዳፍነው እስከ ነገ አመድ ሆኖ ይጠብቃታል። ውኃ ታፈስበታለች፣ ታማስላለች፣ እንደገና ታፈሳለች። ሲጢጥ ማለቱን እስኪያቆም ድረስ። ጫካም ውስጥ እንደዚያው ነው፣ ውኃ፣ ማማሰል፣ ውኃ፣ ማማሰል፣ ጭቃ እስኪሆን። ለዚህ ብቻ የሚሆን ጀሪካን ይኑራችሁ፣ የሚጠጣው ሌላ።

ባለፈው ጥቅምት እንደገና ወጣን። ሣሩ ገና አረንጓዴ ነበር። በሽማግሌው ቤት በኩል ነው የሄድነው፣ ስኳርና ቡና ይዘን፣ ፈቃድም ጠይቀን። ልጁ አድጓል፣ አላወቀኝም፣ እሳቸው ግን ወዲያው አወቁኝ። ከማሳቸው ዳር፣ ከዛፉ ርቆ፣ ባዶ መሬት ላይ ቦታ አሳዩን። ጠዋት ሁለት ጀሪካን ውኃ ጨረስኩበት። ጭቃ ሆነ። ሽማግሌው በትራቸውን ተደግፈው መጡና ቆመው አዩት።

«እጅህን ክተት» አሉኝ።

ተንበረከክኩ። በእጄ ጀርባ ነካ አደረግኩት፣ ከዚያ ጣቶቼን እስከ ታች አስገባሁ። ቀዝቃዛ ነበር። እሳቸውም ጎንበስ ብለው ራሳቸው ነኩት፣ ከእኔ በኩል ሳይሆን ከዳር፣ ሥር ካለበት በኩል። እጃቸውን በጋቢያቸው ጠረጉና «እሺ፣ አሁን ሂዱ» አሉን።