ፅንሱ ማህፀን ሳይገባ አምስት ቀን የት ያድራል?

(የመግቢያ ሙዚቃ)

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ! ባለፈው ቪዲዮ አይ ቪ ኤፍን፣ ማለትም ፅንስ ከሰውነት ውጪ ላብራቶሪ ውስጥ የሚጀመርበትን ሕክምና፣ ጀምረን እንቁላልና የወንድ ዘር ተገናኝተው አቁመን ነበር። ያላያችሁት ሂዱና እዩት፣ እጠብቃችኋለሁ። አያችሁት? ጎበዞች። የዛሬው ጥያቄ አንድ ነው። ያ ፅንስ ማህፀን እስኪገባ የት ያድራል?

ኢንኩቤተር ውስጥ። አለቀ፣ ደህና ሁኑ!

ቀልዴን ነው፣ አትሂዱ። ኢንኩቤተር ሲባል ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት የሚተኙበት ማሞቂያ ይመጣባችኋል አይደል? እኔን የሚመጣብኝ የአያቴ ዶሮ ናት። ገጠር ያደገ ያውቃታል፣ የታቀፈች ዶሮ። አያቴ ቅርጫት ውስጥ ጭድ ትጎዘጉዛለች፣ እንቁላሎቹን ትደረድራለች፣ ዶሮዋን ጨለም ካለ ጥግ ታስቀምጣታለች። ከዚያ ለ21 ቀን ቤቱ ላይ ሕግ ይታወጃል። አትጩህ። አትነካካት። እንቁላሉን አንስተህ አትይ። እኔ ደግሞ ማየት እወዳለሁ! አንድ ቀን አያቴ ወንዝ ስትወርድ ዶሮዋን ገፋ አድርጌ አንዱን አንስቼ ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት። ዶሮዋ እጄን በመንቁሯ ወጋችኝ፣ የቀረውን ማታ አያቴ ጨረሰችልኝ።

አሁን ይሄን ስሙ። የዶሮ እንቁላል የሚፈልገው ሙቀት 37 ከግማሽ ዲግሪ ገደማ ነው። የሰው ፅንስስ? 37። ከዶሮ የምንለየው በግማሽ ዲግሪ ነው ማለት ነው!

ላብራቶሪ ውስጥ ፅንሶቹን የምትከታተለው ባለሙያ፣ ኢምብሪዮሎጂስቷም፣ ቁርጥ አያቴን ናት። መብራቱን ደብዘዝ ታደርጋለች። ሽቶ አትቀባም። አዎ፣ ሽቶ! አየር ላይ የሚበንኑ ኬሚካሎች ፅንሱን ሊጎዱት ይችላሉ፣ አዲስ ቀለም የተቀባ ግድግዳም እንደዚያው። የኢንኩቤተሩ በር በተከፈተ ቁጥር ሙቀቱም ጋዙም ስለሚዛባ፣ አትነካካም። አያቴ ነጭ ጋዋን ለብሳ በሏት።

አንድ ቦታ ላይ ግን ዶሮዋ አትረዳንም። የዶሮ እንቁላል ስንቁን ይዞ ነው የሚመጣው፣ አስኳል አለው። የሰው እንቁላል 0.1 ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ ስንቁ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ስለዚህ ሚዲያ የሚባል ፈሳሽ ጠብታ ውስጥ ይቀመጣል። ይሄን ቶሎ ልለፈው፣ ኬሚስትሪ ተምራችኋል። ፈሳሹ ውስጥ ባይካርቦኔት፣ አየሩ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ5 እስከ 6 በመቶ፣ ሁለቱ ተመጣጥነው ፒ ኤቹን፣ የፈሳሹን የአሲድነት ልክ ማለት ነው፣ 7.2 እና 7.4 መካከል ይይዙታል። ፅንሱ መጀመሪያ ፓይሩቬትና ላክቴት የሚባሉ ምግቦችን ይጠቀማል፣ በኋላ ወደ ስኳሩ፣ ወደ ግሉኮስ ይዞራል። ጠብታው እንዳይተን ዘይት ይደረግበታል። ሁለተኛ ቀን 4 ሴል፣ ሦስተኛ ቀን 8፣ አምስተኛ ቀን ብላስቶሲስት፣ መሃሉ ፈሳሽ የያዘ የሴሎች ኳስ። ኦክስጅን 5 በመቶ። ተነፈስኩ!

ይሄን "5 በመቶ" ባለፈው በአጭር ቪዲዮ ተናግሬ ኮሜንቱ ተንጫጫ። "ልጁን ልታፍኑት ነው እንዴ?" "እኛ 21 በመቶ እየተነፈስን ለእሱ 5?" አንዲት እናት ደግሞ "ታዲያ የኔ ልጅ አየር አጥሮት ነበር?" አሉኝ። እሳቸው አንጀቴን በሉት፣ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

እናቴ፣ ፅንሱ ሳንባ የለውም። አይተነፍስም። በተፈጥሮ እነዚያን ቀናት የሚያሳልፍበት የማህፀን ቱቦ ራሱ ኦክስጅኑ ከ2 እስከ 8 በመቶ ገደማ ነው። ኦክስጅን ብረት የሚያዝግ ነገር እኮ ነው! ሲበዛ ሴሉንም ይጎዳል። በፈረንጆቹ 2012 ኮክሬን የሚባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግም ድርጅት ጥናቶችን አሰባስቦ ሲመረምር፣ በተራ አየር 30 በመቶ የመውለድ ውጤት ያለው ክሊኒክ ኦክስጅኑን ቢቀንስ ከ32 እስከ 43 በመቶ ሊደርስ ይችላል ብሏል። አልታፈነም። እንዲያውም ቤቱን መሰለው።

ሌላው ደግሞ "አዲስ አበባ አየሩ ስስ ነው፣ በራሱ ይበቃል" አለ። ጎበዝ ልጅ! ግን አይበቃም። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ በመቶኛው ያው 21 ሆኖ የአየሩ ግፊት በሩብ ገደማ ያንሳል። በባሕር ጠረፍ ከተማ ልክ፣ ጅቡቲ በሉት፣ ስናሰላው 16 በመቶ እንደማለት ነው፣ አሁንም ብዙ ነው። ጣጣው ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ላይ ይብሳል። ጅቡቲ 6 በመቶ ላይ የሚሞላው አዲስ አበባ ወደ 8 በመቶ ይጠጋል። የማሽኑን መመሪያ አንብቦ 6 ላይ ትቶት የሄደ ሰው ፒ ኤቹ ከፍ ይልበታል፣ አሲድነቱ ይቀንሳል ማለት ነው። ውኃችን ከ100 ዲግሪ በታች ፈልቶ ባቄላው አልበስል የሚለንም በዚሁ ግፊት ነው። ስለዚህ ፒ ኤቹን ለክቶ ነው ጋዙ የሚስተካከለው።

ካሜራ ያለው ኢንኩቤተርስ? እኔ እወደዋለሁ፣ ሳይከፍቱ ማየት! ያኔ ቢኖረኝ ዶሮዋ አትወጋኝም ነበር። ክሊኒኩ ግን ለካሜራው ጨምሩ፣ የመውለድ ዕድል ይጨምራል ካላችሁ ቦርሳችሁን ያዝ አድርጉ። በፈረንጆቹ 2024 ላንሴት የሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ትልቅ ጥናት በሕይወት በሚወለዱ ልጆች ቁጥር ላይ ልዩነት አላገኘም። እኔ ብሆን በዚያ ብር ፋንታ አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ ፒ ኤቹን በየስንት ጊዜው ትለካላችሁ?

በሚቀጥለው ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ላይ ስለሚቀመጡ ፅንሶች እናወራለን። ሰብስክራይብ አድርጉ፣ ደወሏን ንኳት። መንካት የተፈቀደው እሷን ብቻ ነው።