ከጓዳ እስከ ቀሃ ወንዝ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ በሬዲዮ ስቱዲዮ ተቀምጬ የጎንደርና የአካባቢዋን አድማጮች ጥያቄ ስመልስ ቆይቻለሁ። ርዕሳችን በቤት ውስጥ ብክነትንና ቆሻሻን መቀነስ ነበር። ስልኩ ፋታ ስላልሰጠን አንዳንዱን መልስ እንደ ነገሩ ቆርጬ አልፌዋለሁ፤ እዚህ ያጎደልኩትን ሞልቼዋለሁ።

ከማራኪ የደወለች እህት፦ «የምኖረው ተከራይቼ ነው። በግቢው አምስት አባወራ አለን፤ መሬቱ ሁሉ ሲሚንቶ ነው። ቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ እስኪመጡ ድረስ ጆንያው ይሸታል፣ ዝንቡ አያስቀምጥም። ጓሮ የሌለው ሰው ምን ያድርግ?»

እህቴ፣ ሽታውን የሚያመጣው መደባለቁ ነው። የድንች ልጣጭ ብቻውን አየር ባለበት ቢቀመጥ ይጠወልጋል እንጂ እንዲያ አይከረፋም። ከፌስታል፣ ከወጥ ትራፊና ከሕፃን ዳይፐር ጋር ታፍኖ ሲሰነብት ግን አየር ያጣል፤ አየር በሌለበት የሚራቡ ተሕዋስያን ሥራ ይጀምራሉ፤ የሚሸትሽ የእነሱ ሥራ ነው። ስለዚህ ሁለት ዕቃ አስቀምጪ፤ አንዱ ለሚበሰብሰው፣ ሌላው ለደረቁ። እጀታው የተነቀለ የቀለም ባልዲ ይበቃል። በከተሞቻችን ከየቤቱ ከሚወጣው ቆሻሻ አብዛኛው የሚበሰብስ ስለሆነ፣ እሱ ከተለየ በኋላ የሚቀረው ጥቂት፣ ቀላልና የማይሸት ነው።

የሚበሰብሰውን ብስባሽ ለማድረግ ጓሮ አያስፈልግሽም። ባዶ የማዳበሪያ ጆንያ ውሰጂና ጎኑን በቢላዋ ጫፍ በየስንዝሩ ብሺው። ሁለት ብሎኬት ላይ አቁሚው፤ ውሃው ወደ ታች ይውረድ። ከሥሩ አንድ ስንዝር ያህል የጤፍ ጭድ ወይም ሰጋቱራ አንጥፊ። ከዚያ በየቀኑ የሽንኩርቱን ልጣጭ፣ የጎመኑን ግንድ፣ የቡናውን አተላ፣ የደቀቀውን የእንቁላል ቅርፊት ጨምሪና በላዩ እጥፍ ያህል ደረቅ ነገር አልብሺው። በሳምንት አንድ ቀን በእንጨት አማስዪው። ልኩን ለማወቅ እፍኝ ጨብጠሽ ጭመቂ፤ አንድ ሁለት ጠብታ ከወጣው ደህና ነው፣ ከፈሰሰ ጭድ ይጨመርበት፣ ጨርሶ ደርቆ ከተበተነ ውሃ ይረጭበት። በሦስትና በአራት ወር ውስጥ ጠቁሮ፣ የመጀመሪያው ዝናብ የነካው መሬት የሚሸተውን ዓይነት ሽታ ይዞ ታገኚዋለሽ። ያን ጊዜ የጤና አዳምና የበሶብላ መትከያ ጣሳሽን ሙዪበት።

ሦስት ነገር ግን ልብ በዪ። አንደኛ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል በየሜዳው ስላለ ያጓጓል፤ ዘይታማ ነው፣ ቶሎ አይበሰብስም፤ ብዙ አታድርጊበት። ሁለተኛ፣ አጥንት፣ ሥጋና ቅባት አትጨምሪ። የሰፈር ውሻ ቀላሉ ነው፤ በጎንደር ሌሊት ማን እንደሚመጣ ታውቂያለሽ፣ ጆንያሽን ጎትቶ ይሄዳል። ሦስተኛው ከራሴ ስሕተት የተማርኩት ነው። መጀመሪያ በሞከርኩበት ዓመት አመድ ለተክል ጥሩ ነው ሲሉ ሰምቼ የምድጃውን አመድ ሁሉ ስገለብጥ ከረምኩ። በዚያ አፈር የተከልኩት ጎመን ቢጫ ሆኖ ቀረ። አመድ የአፈሩን ጠባይ ከልክ በላይ ይለውጠዋል፤ በሳምንት አንድ እፍኝ ይበቃል።

ከአዘዞ የደወሉ እናት፦ «ልጆቹ እየተበተኑ ቤቱ ጭር ሲል እንጀራው እያደር ይሻግታል። መጣሉ ኃጢአት ሆነብኝ፤ ሻጋታውን ቆርሼ ለዶሮ ብሰጠው ምን አለበት?»

እናቴ፣ ለዶሮም አይስጡት። በዓይን የሚታየው አረንጓዴ የሻጋታው ራስ ነው፤ ክሩ ወደ ውስጥ ዘልቋል፤ አንዳንዱ ሻጋታ ደግሞ ለሰውም ለእንስሳም የሚጎዳ መርዝ ያመነጫል። የሻገተው ወደ ብስባሹ ይግባ። ከዚያ በፊት ባለው ላይ ግን ብዙ ማድረግ ይቻላል።

እንጀራ ቶሎ የሚሻግተው ትኩሱን በትኩሱ ላይ ስንደርበው ነው፤ እንፋሎቱ መውጫ አጥቶ መልሶ ውሃ ይሆናል። እያንዳንዱ ሰፌድ ላይ ቀዝቀዝ ሳይል መሶብ አይግባ። በፌስታል መጠቅለልማ ለሻጋታው ቤት መሥራት ነው። መሶቡንም በየጊዜው አራግፈው ፀሐይ ያስመቱት፤ የአምናው ሻጋታ ዘር በስፌቱ መሐል ተቀምጦ አዲሱን ይጠብቃል።

የማይበላው እንጀራ እንደሚተርፍ በሁለተኛው ቀን ይታወቃል። ያን ዕለት ቆራርሰው ድርቆሽ ያድርጉት፤ ሦስተኛውን ቀን አይጠብቁ። በበጋ የጎንደር ፀሐይ አንድ ሁለት ቀን ይበቃዋል። በክረምት ደግሞ ጋግረው ሲጨርሱ ምጣዱ ገና ትኩስ ነው፤ ኤሌክትሪኩን አጥፍተው ቁርጥራጩን እዚያው ላይ ይበትኑት። ያለ ተጨማሪ ቆጣሪ ይደርቃል። ሲጨብጡት የሚንኮሻኮሽ ሲሆን ክዳን ባለው ቆርቆሮ ያስቀምጡት። ለፍርፍርም፣ ሩቅ ለሚማረው ልጅ ስንቅም ይሆናል።

ምጣዱን ካነሳን አይቀር፦ የኤሌክትሪክ ምጣድ በአንድ ጊዜ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል፤ ባለ 100 ዋት አምፖል ቢሆን ከ30 በላይ አምፖል ማለት ነው። የመጀመሪያው እንጀራ ሳይጋገር ምጣዱን ለማጋል ብቻ የሚሄደው ኃይል ቀላል አይደለም። ለብቻዎ ሃያ እንጀራ ከሚጋግሩ ከጎረቤት ጋር ቀን ቆርጣችሁ በጋለው ምጣድ ተከታትላችሁ ብትጋግሩ፣ የማጋሉ ወጪ ለሁለት ይካፈላል። በእንጨት ለሚጋግሩ ሚርት ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እንጨቱን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል።

ከቅዳሜ ገበያ አካባቢ የደወለ ወጣት ነጋዴ፦ «ፌስታል ተከለከለ ይሉናል፤ ደንበኛው ደግሞ ካልሰጠኸኝ ይላል። ምን እናድርግ?»

በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ፌስታልን ይከለክላል፤ ከዚያ በፊትም የ1999ኙ አዋጅ እጅግ ስስ የሆነውን ከልክሎ ነበር። ነገሩ አዲስ አይደለም ማለቴ ነው። ወንድሜ፣ ደንበኛህ ዘንቢል ይዞ ከመጣ አንድ ሽንኩርት መርቅለት፤ ከፌስታሉ ዋጋ ብዙም አይበልጥም። ገዢዎች ደግሞ አንድ የጨርቅ ከረጢት አጥፋችሁ ኪስ ውስጥ ያዙ። በር ላይ የሰቀላችሁትማ ሁልጊዜ ቤት ይረሳል።

ፌስታል በክረምት ቦይ ይደፍናል፤ ያልደፈነው በቀሃና በአንገረብ ወርዶ መገጭ ይገባል፣ መገጭ ጣና ይገባል። በሬ ሲታረድ ከጨጓራው የተቋጠረ ላስቲክ የወጣበትን ቀን የሚያስታውስ ሥጋ ቤት ጠይቁ።

ከፒያሳ ጀበና ቡና የምትሸጥ እህት፦ «ከሰሉ ቶሎ እንዲያያዝ ላስቲክ ቁራጭ አደርግበታለሁ። ጭሱ ያስለኛል፤ ያን ያህል ይጎዳል?»

ይጎዳል፤ ይህን ጥያቄ ስለጠየቅሽ አመሰግንሻለሁ፣ ብዙዎቻችን የምናደርገው ነው። የላስቲክ ጭስ ሳንባ ይጎዳል፤ በተለይ ክሎሪን ያለበት ፕላስቲክ ሲቃጠል ዳዮክሲን የተባለ ከባድ መርዝ ይፈጥራል። ማን ዓይነቱን ለይቶ ያቃጥላል? ቀኑን ሙሉ ከምድጃው ጋር የምትውዪው አንቺ ነሽ፤ አጠገብሽ ያዘልሻት ልጅ ካለች ደግሞ ከአንቺ ይልቅ ትጎዳለች።

በምትኩ የበቆሎ ቆረቆንዳ አድርቀሽ አስቀምጪ። ጭራሮና ደረቅ የእንጨት ፍቅፋቂም ይሆናል። ላቀች ምድጃ ከተለመደው የቆርቆሮ ምድጃ ያነሰ ከሰል ይፈጃል፤ ውስጡ ያለው ሸክላ ሙቀቱን ይይዛል። ማታ ስትዘጊ ደግሞ የተረፈውን ፍም ውሃ አትድፊበት፤ በመቆንጠጫ እያነሳሽ ክዳኑ ግጥም በሚል የብረት ቆርቆሮ ውስጥ እደጅ አፍኚው። አየር ሲያጣ ይጠፋል፣ ነገ ደግሞ ከአዲሱ ከሰል ፈጥኖ ይያያዛል። ፍሙን ግን ለሙቀት ብለሽ ቤት አስገብተሽ በር ዘግተሽ እንዳትተኚ፤ ጭስ የሌለው የሚመስለው ፍም በማይሸት ጋዝ ይገድላል።

ከቸቸላ የደወሉ አባት፦ «ውሃ የሚመጣልን በፈረቃ ነው። አዲሱ ሲመጣ የቆየውን ደፍተን እንሞላለን። ሌላ ምን ይደረጋል?»

ጋሼ፣ እኔም ቤት ተደፍቶ ያውቃል። የቆየው ውሃ ለመጠጥ ላይሆን ይችላል፤ ለመጸዳጃ ቤት፣ ለወለልና ለጆንያው ብስባሽ ግን ምንም አልሆነም። ውሃ በሚመጣበት ቀን ጠዋት ልብስ ዘፍዝፋችሁ ብትጠብቁ ጀሪካኑ በራሱ ጊዜ ባዶ ሆኖ ይቆያል። ምስርና ሩዝ የታጠበበትን ለአትክልት ስጡት።

ቧንቧችሁ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ከሥሩ የአንድ ሊትር ጆግ አስቀምጡና ሰዓት ያዙ። ጆጉ በአንድ ሰዓት ከሞላ በቀን 24 ሊትር ነው፤ ከአንድ ጀሪካን ይበልጣል። የሚጠገነው ብዙ ጊዜ በአንዲት የጎማ ቀለበት ነው። የአንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ ባለበት ከተማ ቀለበቷን ነገ እገዛለሁ ማለት አይገባም።

ቆርቆሮ ክዳን ካላችሁ ደግሞ ሒሳቡ ቀላል ነው፦ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። ባለ 30 ካሬ ክዳን ላይ አሥር ሚሊ ሜትር ሲዘንብ 300 ሊትር፣ አሥራ አምስት ጀሪካን ማለት ነው። ከሐምሌ ዝናብ አንዱ ብቻ ያን ሊያወርድ ይችላል። የመጀመሪያው የዝናብ ውሃ የክዳኑን አቧራና የወፍ ኩስ ያጥባልና ይለፍ፤ ቀጥሎ ያለውን ለእጥበት ያዙት።

ከአራዳ የደወለ አድማጭ፦ «ያለቀ የባትሪ ድንጋይ የት ይጣል?»

እሳት ውስጥና መጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ አይሁን። ባዶ ሃይላንድ ውስጥ አጠራቅማችሁ ለሰብሳቢዎቹ ለብቻው ስጡ። ያበጠ የስልክ ባትሪ አትውጉ፤ ይነዳል።

ስሙን ያልነገረን አድማጭ፦ «እኛ ለይተን ብናወጣ መኪናው መልሶ ይደባልቀዋል። ታዲያ ምን ዋጋ አለው?»

ልክ ነህ፤ የሚደባለቅበት ጊዜ አለ፤ ያን መካድ አልፈልግም። ግን አስበው፤ የሚበሰብሰው ከጆንያህ ከቀረ መኪናው ላይ አልወጣም። ካርቶኑን፣ ጠርሙሱንና ቆርቆሮውን ቆራሌው ከበርህ ይወስደዋል፤ ወጥ ያልነካው ካርቶን ዋጋ አለው፣ የነካው የለውም። ያረጀው ልብስ ለልዋጭ ይሆናል። መኪናው ዘንድ የሚደርሰው ትንሹ ክፍል ነው። ስለ መኪናው ግን ዝም በል አልልህም፤ ከጎረቤቶችህ ጋር ሆነህ ቀበሌውን ጠይቅ።

ስርጭቱ ሊያበቃ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው የማራኪዋ እህታችን ደግማ ደወለች። «የጠላው አተላስ ጆንያው ውስጥ ይገባል?» አለች። አዘጋጇ ሳቀች። ይገባል፤ ግን በብዛት ከተደፋ ውሃ ያበዛበታልና በጣሳ እየለኩ፣ ከእጥፍ ጭድ ጋር። ላም ያላት ጎረቤት ካለች ግን መጀመሪያ ለእሷ፣ ወተቱን ከየት እንደምትገዢ ነግረሽናልና።

«አልነገርኳችሁም እኮ» አለች። አሁን ትነግሪናለሽ አልኳት፤ መስመሩ ተቋረጠ።