ኩርባው ላይ ነዳጅ መስጠት

እሺ፣ እየቀዳ ነው መሰለኝ። ዛሬ ስለ ወንበር ልብስ አላወራም። አውቃለሁ፣ ቃል ገብቼ ነበር። ለሚቀጥለው። ሁሌም ለሚቀጥለው ነው የምትሉ እዚያው ቆዩ።

አንድ ነገር አልለቅ ብሎኛል። ወንድሜ "በቃሽ እንግዲህ፣ ጋራዡን ሸንጎ አደረግሽው" ብሎ አባሮኛል። ስለዚህ ለእናንተ ልንገር። እናንተ ማቋረጥ አትችሉም።

ነገሩ ጣርማ በር ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን ከቀደደው ዋሻ ወጥቶ ወደ ደብረ ሲና ሲወረድ ያለው መንገድ። የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ከ3,000 ሜትር በላይ ሆነህ በጋቢ ትጀምራለህ፣ ሸዋ ሮቢት ስትደርስ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነህ፣ ጋቢው ጭንህ ላይ ነው። ጉሙ ደግሞ ያው ጉም ነው። መጣ ሲባል መጥቷል።

ዶልፊን ሚኒባስ ውስጥ ነበርኩ። ጋቢና። የእኔዋ እሜቴ፣ መኪናዬ፣ ዊልቸር ላይ... ማለቴ ክሪክ ላይ ናት፣ ስለሷ አትጠይቁኝ። ሾፌሩ ወጣት ልጅ ነው። ዝም የሚል ዓይነት። ዘፈን እንኳ አልከፈተም። በሁለተኛ ማርሽ ይዞ ነው የወረደው፣ እንደ ደንቡ። ፍሬን ላይ አልተኛም። እስከዚያ ድረስ ምንም የምለው የለኝም።

አንዱ ኩርባ ላይ ግን ከታች አይሱዙ መጣ። መሃል መንገድ ይዞ። በጉሙ ውስጥ መጀመሪያ መብራቱ ነው የታየኝ። ልጁ ፍሬን ነካ አደረገና መሪውን ወደ ውስጥ ሰበረ። መንገዱ እርጥብ ነው። እና ያኔ... ኋላው ቀለለ። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ወንበሩ ከስሬ ትንሽ ወደ ጎን የሄደ መሰለኝ። አልተንሸራተተም። ሊንሸራተት አሰበ።

ልጁ ምን አደረገ? ፍሬኑን ለቀቀ። መሪውን ትንሽ መለሰ። እና ነዳጅ ሰጠ። ትንሽ። ሞተሩ ድምፁን ሲቀይር ሰማሁት።

መኪናው ተጯጯኸ። "ኧረ ፍሬን ያዝ! ፍሬን!" ከኋላዬ የተቀመጡት አባት፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው የተከናነቡት፣ ጋቢውን ገፈፉና "አንተ ልጅ! ልትፈጀን ነው እንዴ! ቁልቁለት ላይ ነዳጅ የሚሰጥ ምን ዓይነት ሾፌር ነው!" አሉ። ከዚያ እስከ ደብረ ሲና ድረስ ስድቡ አልቆመም። ልጁ አንድ ቃል አልመለሰም።

እና እኔ የማልተኛበት ጥያቄ ይሄ ነው። ልጁ አውቆ ነው ያደረገው ወይስ እግሩ ሳተ?

ቆይ፣ ከሥሩ እንሂድ። ፍሬን ሲያዝ ክብደት ወደ ፊት ይሄዳል። ይህን ሁሉም ሰው በግንባሩ ያውቀዋል። ግን ቁልቁለት ራሱ ይህንኑ ያደርጋል። መኪናው ባለበት ፍጥነት እየወረደ እንኳ። እንበል መኪናው ከነሰው ከነጭነቱ 3,200 ኪሎ ነው። የክብደቱ መሃል ከመሬት 1 ሜትር ላይ ነው። ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ 2.6 ሜትር ነው። 10 በመቶ ቁልቁለት ላይ ወደ 120 ኪሎ ከኋላ ጎማዎች ተነስቶ ፊት ላይ አርፏል። ገና ፍሬን ሳይነካ። ፍሬን ሲጨመርበት ደግሞ ሌላ ይሄዳል። ስለዚህ ኋላው ቀድሞውኑ ቀላል ነበር።

አሁን ማርሹን አስቡት። ዶልፊን የሚነዳው በኋላ ጎማ ነው። በሁለተኛ ማርሽ ይዘህ ስትወርድ ሞተሩ ይይዝሃል እንላለን አይደል? የሚይዘው ግን የኋላ ጎማዎችን ብቻ ነው። ያውም የቀለሉትን።

የጎማ ጉልበት ደግሞ እንደ ደሞዝ ነው። አንድ ነው። ለማቆም ካወጣኸው ለመታጠፍ ይጎድልሃል። የኋላ ጎማዎች ክብደታቸው ቀንሷል፣ ማለትም ደሞዛቸው ተቆርጧል፤ ከተረፈው ላይ ሞተሩ ለመያዝ ይወስዳል፤ በቀረው ኩርባውን ያዙ ተብለዋል። አልበቃ አላቸው።

ትንሽ ነዳጅ ሲሰጥ ሁለት ነገር ይሆናል። ሞተሩ ጎማዎቹን መጎተቱን ይተዋል። ክብደቱም ትንሽ ወደ ኋላ ይመለሳል። ኋላው መሬት ይይዛል። በቃ። ልጁ ያደረገው ይሄን ነው። ሰው ሁሉ ጮኾ የጠየቀው ፍሬን ቢያዝ ኖሮ ኋላው ቀድሞ ይሄድ ነበር። ይመስለኛል።

ይመስለኛል ያልኩት ለምን መሰላችሁ፣ ነዳጁ ትንሽ በዝቶ ቢሆን ያው የኋላ ጎማ ነው በባዶ የሚሽከረከረው። እርጥብ መንገድ ላይ። ያኔ ሽማግሌው ልክ ይሆኑ ነበር። ልክነታቸውን የሚሰማ ሰው ባይኖርም።

እሺ ሳቄን ልተው፣ የሚሳቅበት አይደለም።

በነገራችን ላይ ሽማግሌው። ፖርቶመጋላው ላይ ሁለት ኩንታል ነበር። የማን መሰላችሁ? የሳቸው! ደብረ ብርሃን ላይ ከረዳቱ ጋር ሲከራከሩ አይቻለሁ። ረዳቱ "አባባ፣ ውስጥ መሃል ላይ እናስተኛው" ይላል። እሳቸው "ሰው ይረግጠዋል፣ እህል አይረገጥም፣ ላይ አውጣው" ይላሉ። እህል አይረገጥም ሲባል ማን ይከራከራል? እኔም አልከራከርም።

ግን ሌሊት ተነስቼ አሰላሁት። አዎ፣ አሰላሁት፣ ሳቁ። መኪናው ያለ ኩንታሎቹ 3,000 ኪሎ ይሁን። የክብደቱ መሃል 90 ሳንቲም ላይ። የግራና የቀኝ ጎማ ርቀት 1.45 ሜትር። ኩርባው ላይ የሚገፋው ኃይል የክብደቱን 0.4 ያህል ይሁን። ወደ 745 ኪሎ ከውስጥ ጎማዎች ወደ ውጪዎቹ ይሻገራል። አሁን 200 ኪሎ 2.4 ሜትር ላይ አስቀምጡ። የክብደቱ መሃል ወደ 1 ሜትር ይወጣል። የሚሻገረው ወደ 880 ኪሎ ይሆናል። ክብደቱን የጨመርነው በ7 በመቶ ገደማ ነው። የሚሻገረው ግን በ18 በመቶ አደገ። ያው ሁለት ኩንታል ወለሉ ላይ ተኝቶ ቢሆን ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

መሻገሩ ምን ጎዳ? ሁለቱም ጎማ መሬት ላይ ነው ትሉኝ ይሆናል። ጎማ ክብደቱ እጥፍ ሲሆን አያያዙ እጥፍ አይሆንም። ከዚያ ያነሰ ነው። ስለዚህ የውስጡ ያጣውን የውጪው ሙሉ በሙሉ አይተካም። በተሻገረ ቁጥር ሁለቱ አንድ ላይ የሚይዙት ይቀንሳል። ይህች ነገር ከገባቻችሁ ግማሹ ገብቷችኋል።

ወደ ባሌስትራው፣ መኪናውን ከስር ወደተሸከመው የብረት ቅጠል ድርድር፣ ልምጣ። ወንድሜን ያናደደው ይሄኛው ነው። ደብረ ሲና ስንደርስ ጎንበስ ብዬ ከስር አየሁ። አዎ፣ ሰው ሁሉ ቆሎ ሲገዛ እኔ መኪና ስር። እናቴ ብታይ። ኋላው ላይ ተጨማሪ ቅጠል ተደርቧል። እንደጠበቅኩት። እኛም ጋ የሚመጣው ሁሉ "ደርብልኝ" ነው። ጭነት ሲበዛ ቂጡ እንዳይወርድ። ደግሞ ይገባኛል፣ ጭነቱ ይበዛል። ግን ሰው የሚያስበው ጠንካራ ሞላ ወይም ባሌስትራ የሚሻገረውን ክብደት ይቀንሳል ብሎ ነው። አይቀንስም! የሚሻገረውን የሚወስነው ክብደቱ፣ ከፍታው፣ የጎማ ርቀቱና ኩርባው ላይ ያለው ፍጥነት ነው። ሾክ አብዞርበርም አይቀንሰውም፤ ቶሎ ነው ወይስ ቀስ ብሎ የሚሻገረው የሚለውን ነው የሚነካው። ባሌስትራው የሚወስነው ከጠቅላላው ምን ያህሉ በኋላ አክስል፣ ምን ያህሉ በፊት በኩል ይሻገራል የሚለውን ነው። ኋላውን ስታጠነክር የኋላውን ድርሻ ታበዛለህ። ኋላው ቀድሞ ይለቃል።

ሌላም አለ። ቂጡ ሲነሳ መኪናው ወደ ፊት ያዘነብላል። የፊት ጎማው በመሪ ሲታዘዝ የሚዞርበት ዘንግ ወደ ኋላ ጋደል ያለበት ማዕዘን፣ ካስተር የምንለው፣ ይቀንሳል። መሪው ራሱን የሚመልሰው በዚያ ነው። ሲቀንስ መሪው ቀለል ይላል፣ ሾፌሩም "ዋው፣ መሪው ለሰለሰ" ይላል። መልሶ የማይናገር መሪ ነው የያዘው።

አላይመንት፣ ማለትም የጎማ ማዕዘን ማስተካከል፣ ሊያሠራ የሚመጣ ሰው ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለው። "ጎማ ይበላል?" በቃ። ካምበሩ፣ ማለትም ጎማው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጪ ማጋደሉ፣ የሚያሳስበው ጎማ ከበላ ብቻ ነው። አንዱ ባለፈው "እህቴ፣ ቁጥሩን ተይውና መሪው ቀጥ ይበልልኝ" አለኝ። ቀጥ አደረግኩለት። ምን ላድርግ። ሰውየው እኮ ከመሐል ሜዳ ድረስ ነው የመጣው፣ በዚያ ብርድ። በነገራችን ላይ ከመሐል ሜዳ የምትጽፉልኝ ሰዎች፣ ብርዱ ከደብረ ብርሃን ይብሳል የሚለውን ክርክር ዘግቻለሁ። ተሸንፌያለሁ።

ምን እያልኩ ነበር? ባሌስትራው። አዎ።

ልጁን አናገርኩት። መስታወቱን ይጠርግ ነበር። "ወንድሜ፣ ኩርባው ላይ ነዳጅ ሰጠህ አይደል?" አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። ሌላ ተሳዳቢ መጣች ብሎ መሰለኝ። "እየተቆጣሁህ አይደለም፣ ለማወቅ ነው" አልኩት። ጨርቁን ጨመቀና "መኪናው ፈለገ" አለ። ይሄው ነው። ወደ ጠረጋው ተመለሰ።

መኪናው ፈለገ!

አሁን ይሄን ምን ልበለው? አንዳንዴ ሲነዳ የኖረ ሰው ቂጡ የሚያውቀውን እኔ በወረቀት ነው የማገኘው ብዬ አስባለሁ። ልጁ ሞተሩ ኋላውን ብቻ እንደሚይዝ በቃል አያስረዳኝ ይሆናል። እግሩ ግን ያውቃል። ይሄ ደስ ይላል። ከዚያ ደግሞ በማግስቱ ተነስቼ፣ የለም፣ ደነገጠ፣ እግሩ ከፍሬን ሲነሳ ነዳጁ ላይ አረፈ፣ ከዚያ ሰበብ አገኘለት እላለሁ። "መኪናው ፈለገ" ለሁለቱም ይሆናል እኮ። ለሚያውቅም፣ ለደነገጠም።

ግን መሪውን መልሷል። የደነገጠ ሰው መሪ አይመልስም። አይደል? ወይስ መሪው ራሱ ነው የተመለሰ? ያ ካስተሩ የቀነሰ መሪ ግን ራሱ አይመለስም። በደንብ አይመለስም። ትንሽ ይመለሳል።

ወንድሜ "ገብቶበት በነበረው ፍጥነት ነው ጥፋቱ፣ ሌላው ትርፍ ወሬ ነው" ይላል። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ፍጥነቱ ብዙ አልመሰለኝም። በዚያ ጉም ማን ይሮጣል? አይሱዙው ነው መንገዱን የነሳው። ደግሞ አይሱዙውም ዳገት ላይ ከነጭነቱ ከቆመ ስለማይነሳ ነው ኩርባውን አስፍቶ የመጣው። እሱንም ልሰድበው ፈልጌ አልቻልኩም። ይሄ መንገድ ማንንም በደንብ አያሰድብም።

ለልጁ ልነግረው ነበር። የደረበውን ቅጠል አውልቅ ልለው። ከዚያ መኪናው የሱ እንዳልሆነ አሰብኩ። ባለንብረት አለ፣ ማታ የሚቆጠር ገቢ አለ። ባሌስትራውን ቢያወልቅ ኋላው ይወርዳል፣ ጭነት ይቀንሳል፣ ገቢ ይቀንሳል። ኩንታሉን ላይ አላወጣም ቢል ሽማግሌው ሌላ መኪና ይይዛሉ፤ የሚያወጣላቸው አያጡም። ስለዚህ የምነግረው ምንድን ነው? ቀስ በል? ቀስ ብሎ ነበር እኮ።

ሽማግሌው ሲወርዱ ኩንታላቸውን ተቀበሉና ረዳቱን ቆሎ አቀመሱት። ለሾፌሩ አልሰጡም። ሾፌሩም አላየም፣ ወይም አላየሁም አለ። እኔ ደግሞ ለሁለቱም... ምን ልል ነበር? ሽማግሌውን ተጠግቼ "አባባ፣ ልጁ ልክ ሳይሆን አይቀርም" ብል "አንቺ ደግሞ ማነሽ?" ይሉኛል። በ0.4 ልጀምርላቸው?

አላውቅም። እሜቴ ከክሪክ ስትወርድ ባዶ ሜዳ ፈልጌ ዝናብ ቀን ልሞክረው አስቤያለሁ። ግን እሷ የምትነዳው በፊት ጎማ ነው። ፊት ላይ የሚይዝ ሞተር ሌላ ታሪክ ነው። እዚያ ነዳጅ ስትለቅ ኋላው የሚቀለው ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ ብቻ ነው፣ ሞተሩ የኋላ ጎማዎችን አይጎትትም። ስለዚህ ብሞክረውም የልጁን ነገር አይፈታልኝም። ዶልፊን የሚያውሰኝ ሰው ካለ... የለም፣ ወንድሜ ይሰማል ይሄን። ባሌስትራው ያልተደረበ ቢሆን ይመረጣል፣ የተደረበም ቢሆን እንዲያውም...