ቤዝመንቱ የት ገባ?

እንደምን አደራችሁ። ስላረፈድኩ ይቅርታ። ፕሮግራሙ ለ3 ሰዓት ነበር፤ እኔ ደግሞ 2፡30 ላይ እዚሁ ሰፈር ደርሻለሁ። ህንጻውን ሦስቴ ዞርኩት። መጨረሻ ላይ ሁለት መንገድ ተሻግሬ አንድ ጎሚስታ ቤት ደጃፍ ላይ አቁሜ፣ ቁልፉን ለልጁ ትቼለት በእግሬ መጣሁ። ስለ ፓርኪንግ ተናገር ተብዬ ተጠርቼ ፓርኪንግ አጣሁ።

አብዛኞቻችሁ ሆቴል ወይም ቅይጥ ህንጻ ያላችሁ ናችሁ፤ ከታች ሱቅ፣ መሃል ቢሮ፣ ከላይ አልጋ። እኔ ሆቴል ውስጥ 11 ዓመት ሠርቻለሁ፣ መጀመሪያ በር ላይ፣ በኋላ እንግዳ መቀበያ። ስለዚህ እንደ ባለሙያ ሳይሆን እንደ ተሰዳቢ ነው የማወራችሁ። እንግዳ ማቆሚያ ሲያጣ ባለቤቱን አይሰድብም፣ በር ላይ የቆመውን ነው።

ጣይቱ ሆቴል በ1898 ዓ.ም. ሲሠራ አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት መኪና አልነበረችም። የመጀመሪያዋ ለአጼ ምኒልክ የመጣችው በ1900 ነው። እና ጣይቱን የሚወቅስ የለም። ግዮንና ሂልተንም ሰፊ ግቢ ይዘው ነው የተሠሩት፤ መሬቱ ነበራ! እኛ ግን በትንሽ ቦታ ላይ ሽቅብ የምንሠራ ሰዎች ነን፣ ያለን ወደ ታች ያለው ብቻ ነው።

እሱንም አከራየነው። ፕላኑ ላይ «ቤዝመንት፣ ፓርኪንግ» ይላል፣ ፈቃድ የሚወጣው በዚያ ነው። ህንጻው ሲያልቅ ብትወርዱ ጂም ታገኛላችሁ፣ መጋዘን፣ ጭፈራ ቤት። እኔ የሠራሁበት ሆቴልም (ስሙ ይቆየኝ) ቤዝመንቱን ለዕቃ ማከማቻ ሰጥቶ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰርግ ሲኖር መኪናው ሁለት ረድፍ መንገድ ላይ ይደረደር ነበር፣ እኔ ደግሞ ማይክ ይዤ «የዚህ ታርጋ ባለቤት» እያልኩ የሙሽሮቹን ኬክ ቆረሳ አቋርጣለሁ።

የሚያጓጓችሁ ይገባኛል። አንድ መኪና ራሱ የሚቆምበት 12 ካሬ ግድም ነው፤ መውረጃውና መተላለፊያው ሲደመር 25፣ 30 ካሬ ይበላል። ለሱቅ ብታከራዩት ስንት እንደሚያወጣ ታውቃላችሁ። ግን አዳራሹን የሚሞላላችሁ ማነው? አልጋ የያዘው የውጭ እንግዳ ብዙ ጊዜ ከኤርፖርት የሚመጣው በእናንተው መኪና ነው። ሰርገኛውና ተሰብሳቢው ናቸው የራሳቸውን መኪና ይዘው የሚመጡት፣ ሰርገኛውን አንዴ ካስቆጣችሁት ደግሞ የእህቱን ሰርግ ሌላ ቦታ ነው የሚይዘው።

አርክቴክቶች ካላችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ሦስት መኪና ጎን ለጎን እንዲቆም ከዓምድ እስከ ዓምድ ያለው ክፍት ቦታ 7 ሜትር ተኩል ይፈልጋል። 6 ካደረጋችሁት የሚገባው ሁለት ነው፣ የተረፈው አየር ነው። ለላይኛው ክፍል ተመችቷችሁ ዓምዱን ከተከላችሁ በኋላ ስለ ፓርኪንግ ማሰብ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። የቻርጅ መስመርም አሁኑኑ አስገቡ። በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና የያዘ እንግዳ በዝቷል፤ ከጥበቃ ቤት በኤክስቴንሽን ስቦ ሲሰካ አይቻለሁ፣ እግዜር ነው የጠበቀን።

መስቀል አደባባይ ስር ከ2013 ጀምሮ ሰፊ ማቆሚያ አለ፣ ጥሩ ነው። የቦሌ ሰርገኛ ግን ከዚያ ድረስ በሂል ጫማ አይመጣላችሁም።

እኔን የሚያበሳጨኝ ቦታ ማጣታችን እንኳ አይደለም። ቦታ እያለ ነው። ቢሮው 11 ሰዓት ላይ ይወጣል፣ የእራት እንግዳው 1 ሰዓት ላይ ይገባል። ቅዳሜ ከሰዓት ብዙው ቢሮ ዝግ ነው፣ ሰርጉ ያን ጊዜ ነው የሚሞቀው። ያው አንድ ቦታ ሁለቴ ይሠራል ማለት ነው። እኛ ግን ሰንሰለት አስረን «ለባንኩ ደንበኛ ብቻ» ብለን ሌሊቱን ሙሉ ባዶውን እናስጠብቃለን፣ ያውም አንድ ህንጻ ውስጥ! ከጎረቤት ህንጻ ጋርማ ጭራሽ አንነጋገርም። ጥበቃውን ማን ይከፍላል፣ መኪና ቢጫር ማን ይጠየቃል፣ ገቢው እንዴት ይካፈላል፤ ይኼ የአንድ ገጽ ውል ነው።

አሁን የሻይ ሰዓት ነው። እኔ በስተግራ ጥግ ላይ ነኝ። የአዳራሽ ቀጠሮ መዝገባችሁን የያዛችሁ ኑ፤ እዚሁ ከተቀመጡት ባለ ቢሮ ህንጻዎች ቅዳሜ ባዶ የሚያድርላቸው ማን እንደሆነ አብረን እናያለን። አደራ፣ ጎሚስታ ቤቱ ሳይዘጋ።