አራት ዓይና ልጆቻችንና ኮንታክት ሌንስ

የተከበራችሁ ወላጆችና መምህራን፣ እንደምን አረፈዳችሁ። ስለ ዓይን ጥቂት እንድናገር ስጋበዝ በምርመራ ክፍሌ ደጋግሞ የሚመጣብኝን ጥያቄ ይዤ መጣሁ፦ «ልጄ መነጽር ጠልታለች፤ ኮንታክት ሌንስ ለማድረግ ስንት ዓመት መሙላት አለባት?» ኮንታክት ሌንስ የምንለው በመነጽር ፈንታ በቀጥታ ዓይን ላይ የሚያርፈውን ትንሽ ሌንስ ነው።

ልጆቹን ለምን ጠላችሁት ስላቸው «አራት ዓይና እያሉ ይሰድቡናል» ይላሉ። ሌላ ከተማ ቢሆን ይገባኝ ነበር። ጎንደር ላይ ግን አራት ዓይና የሚባለው ብሉዩን፣ ሐዲሱን፣ ሊቃውንቱንና መነኮሳቱን፣ አራቱንም ጉባኤ የዘለቀ ሊቅ ነው! ማዕርጉ ስድብ ሆኖ አረፈው። ይህንኑ ለአንዲት የ10 ዓመት ልጅ ነግሬያት ከልቧ ሳቀች። መነጽሯን ግን ወደ ቦርሳዋ መለሰችው።

ወደ ጥያቄው ልመለስ። ዕድሜ ብቻውን አይወስንም። የዓይን ሞራ ይዞ የተወለደ ሕፃን ሞራው በቀዶ ሕክምና ከወጣለት በኋላ ገና በወራት ዕድሜው ሌንስ ሊደረግለት ይችላል፤ የሚያስገባውና የሚያወጣው ወላጅ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም እ.ኤ.አ. በ2019 ሩቁን አጥርቶ ያለማየት ችግር እየባሰ እንዳይሄድ የሚያዘገይ፣ አንድ ቀን ተደርጎ የሚጣል ሌንስ ሲፈቅድ፣ ከ8 እስከ 12 ዓመት ባለው ዕድሜ ለሚጀምሩ ልጆች ነው የፈቀደው። ኮርኒያ የምንለው የዓይን የፊት መስታወት እየሳሳ ሾጣጣ የሆነበት ልጅ ደግሞ አለ። እሱን መነጽር እምብዛም አይረዳውም፤ ጠንካራው ሌንስ ነው የሚያሳየው። በአለርጂ ዓይኑ እየቀላ ሲያሸው የሚውል ልጅ ግን በቅድሚያ አለርጂው ይታከምለት።

እኔ የምፈራው ውኃን ነው። በቧንቧም፣ በሮቶም፣ በጀሪካንም ውኃ ውስጥ አካንታሚባ የምትባል በዓይን የማትታይ ተሕዋስ ልትኖር ትችላለች። በሌንሱ በኩል ኮርኒያ ላይ ካረፈች ሥቃዩ ብርቱ ነው፤ ሕክምናው ወራት ይፈጃል፤ ማየትንም ልታሳጣ ትችላለች። ሌንስ በተሠራለት ፈሳሽ እንጂ በውኃ አይታጠብም፤ በምራቅማ በፍጹም። እስቲ ጥር 11 ጠዋት የፋሲለደስን ጥምቀተ ባሕር አስቡት። ውኃው ተባርኮ ጎረምሳው ሁሉ እየዘለለ ሲገባ፣ የእናንተ ልጅ ብቻውን ዳር ቆሞ «እኔ ሌንስ አድርጌያለሁ» ይላል? እኔ በዚያ ዕድሜዬ አልልም ነበር። ፊት ላይ የሚፈስ ጠበልም ያው ነው። አትጠመቁ እያልኩ እንዳይመስላችሁ፤ ያን ቀን ሌንሱ ቤት ይቅርና መነጽር ይደረግ ነው የምለው። እንግዲህ ሌንስ ያለው ልጅ መነጽርም ሊኖረው ግድ ነው። ወጪው ሁለት ነው።

እንቅልፍም አለ። ተማሪ ሳለሁ ወደ አዲስ አበባ በአውቶቡስ ስጓዝ ሌንሴን እንዳደረግሁ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ ዓይኔ በርበሬ መስሏል፤ ብርሃን ማየት አቃተኝ። ኮርኒያ የደም ሥር የለውም፤ ኦክስጅን በአብዛኛው የሚያገኘው ከአየር ነው። ሌንስም ቆብም ሲከደንበት ይታፈናል፤ ለቁስለትም ይጋለጣል። ቶሎ ታክሜ ተረፍኩ። የሚያሳፍረው፣ ያኔ የምማረው ይህንኑ ሙያ ነበር።

ሌንሱን የፈለገው ማን እንደሆነም እጠይቃለሁ። አንዳንዴ ልጅቷ ዝም ብላ ተቀምጣ «መነጽሩ መልኳን አበላሸው» የምትለው እናት ናት። እንዲህ ከሆነ አልጀምርም። ልጅቷ ራሷ ከፈለገች የሁለት ሳምንት የቤት ሥራ እሰጣታለሁ፦ ጥፍሯን አሳጥራ፣ ጠዋትና ማታ ማንም ሳይነግራት እጇን በሳሙና ታጥባ በንጹሕ ፎጣ ታድርቅ። እናት ቆጥራ ትነግረኛለች። አምስት ቀን የዘለለች ልጅ ሌንሱንም ትዘልለዋለች። ቤቱንም አያለሁ። ፈሳሹ ሲያልቅ «ለዛሬ በትናንቱ እንዘፍዝፈው» የሚባልበት ቤት ከሆነ ይቅር፤ ፈሳሹ በየቀኑ ይቀየራል፣ ማስቀመጫውም በየሦስት ወሩ።

የመነጽር ወረቀት ይዛችሁ ሌንስ አትግዙ፤ ሌንስ ዓይኑ ላይ ስለሚያርፍ ልኩም ቁጥሩም ለብቻው ይለካል። ለሠርግ ከሚዜ ሚዜ የሚዞረውን ባለቀለም ሌንስማ ባላነሣው ይሻላል። ሌንስ ያደረገ ልጅ ዓይኑ ከቀላ፣ ካመመው ወይም ብርሃን ካስፈራው ወዲያው ያውጣው። ጠብታ ገዝታችሁ ነገን አትጠብቁ፤ የዚያኑ ዕለት ለዓይን ሐኪም አሳዩት።

አንድ ነገር ቀረኝ። ልጅ መነጽር የሚጠላው አንዳንዴ አፍንጫው ላይ እየወረደ፣ ጆሮውን እየቆረጠው ስለሚያስቸግረው ነው፤ የሚናገረው ግን ስለ ስድቡ ነው። ትንሿን ብሎን መፍቻዬን ይዤ መጥቻለሁ። ከስብሰባው በኋላ እዚያ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ እቀመጣለሁ፤ የላላ፣ የጠበበ፣ የተጣመመ መነጽር ያለው ልጅ ካለ አምጡልኝ፣ ላስተካክልለት።