ከድርድር በፊት የሚጻፍ ቁጥር

የተከበራችሁ የቦርድ አባላትና የሥራ መሪዎች፣

ሌላ ኩባንያ ለመግዛት ስንነሳ ብዙ ጊዜ ቀድመን የምንጠይቀው ሻጩ ስንት እንደሚፈልግ ነው። እኔ ግን ገዢው የማያልፈውን ጣሪያ ከሻጩ ጋር ከመቀመጡ በፊት ወስኖና በጽሑፍ አስፍሮ ለቦርዱ ማስረከብ አለበት እላለሁ።

መነሻው ኩባንያው እኛ ሳንገዛው፣ ብቻውን ሆኖ ወደፊት የሚያስገኘው ጥሬ ገንዘብ ነው፤ ይኸውም ግብሩ ተከፍሎ፣ ያረጁ መሣሪያዎች ተተክተው በእጅ የሚቀረው እንጂ በሂሳብ መግለጫ ላይ የሚታየው ትርፍ አይደለም። በመጪው ዓመት 10 ሚሊዮን ጥሬ ገንዘብ የሚያስገኝና ይኸው ገንዘብ በየዓመቱ በ3 በመቶ የሚያድግ ኩባንያ እንውሰድ። ለምንሸከመው ስጋት በዓመት 13 በመቶ ትርፍ የምንጠይቅ ከሆነ፣ ከ13 በመቶው ላይ የ3 በመቶውን ዕድገት ቀንሰን 10 ሚሊዮኑን ለቀሪው 10 በመቶ ስናካፍል ዋጋው 100 ሚሊዮን ይሆናል፤ 11 በመቶ ይበቃናል ካልን ግን 125 ሚሊዮን ይደርሳል። ኩባንያው ውስጥ አንዲት ብሎን ሳትነካ፣ በሁለት ነጥብ ልዩነት ብቻ 25 ሚሊዮን ተጨመረ ማለት ነው። ልቡ አስቀድሞ ግዢውን የወደደ ቡድን የሚነካካው ይህችን የምንጠይቀው ትርፍ ተመን ስለሆነ፣ ተመኑን የሚወስነው ሰው ድርድሩን ከሚመራው የተለየ ቢሆን እመርጣለሁ። በ13 በመቶው ብንጸና እንኳ ኩባንያው 30 ሚሊዮን ዕዳ ካለበት ለባለአክሲዮኖቹ የሚደርሰው 70 ሚሊዮን ነው።

ከውህደቱ የሚጠበቀው ጥቅም ለብቻው ይሰላ። 20 ሚሊዮን ነው ብንል፣ 90 ሚሊዮን የሚከፍል ገዢ የራሱን የወደፊት ድካም ፍሬ በሙሉ ለሻጩ ሰጥቶ ስጋቱን ብቻ ይዞ ይቀራል። እኔ ጣሪያውን 80 ላይ አደርገዋለሁ። የአሜሪካው የምግብ ኩባንያ ኩዌከር ኦትስ እ.ኤ.አ. በ1994 የስናፕል መጠጥን በ1.7 ቢሊዮን ዶላር ሲገዛ የስናፕልንና የራሱን የጌቶሬድ መጠጥ ማከፋፈያ እንደሚያቀናጅ ተስፋ አድርጎ ነበር፤ የስናፕል አከፋፋዮች ግን አሻፈረን አሉ፤ ስናፕልም በ1997 በ300 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። የተከፈለበት ጥቅም በሌሎች ሰዎች ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነበር።

ተፎካካሪ ገዢ ሲመጣ ዋጋ መጨመር ተፈጥሯዊ ይመስላል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1971 ሦስት የነዳጅ ኩባንያ መሐንዲሶች ስለ ነዳጅ ቦታዎች ጨረታ ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ ሁሉም በግምት በሚጫረቱበት ቦታ የሚያሸንፈው ብዙውን ጊዜ ከልክ በላይ የገመተው ነው፤ ስለዚህ ተጫራቾች በበዙ ቁጥር ጥንቃቄው መጨመር አለበት። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2008 ለአንድ የያሁ አክሲዮን በመጀመሪያ 31፣ በኋላም 33 ዶላር አቅርቦ፣ ያሁ 37 ሲጠይቅ ትቶት ሄደ። እንዲህ ትቶ መሄድ የሚቻለው ቁጥሩ አስቀድሞ ከተጻፈ ነው፤ ለወራት የተደከመበትን ድርድር በመጨረሻው ሌሊት የሚያቋርጥ ሰው እኔ እምብዛም አላየሁም።

ሻጩ በ88 ሚሊዮን ቢጸናስ? ጣሪያውን ከማንሳት ይልቅ ልዩነቱን 8 ሚሊዮን ሻጩ ራሱ በተነበየው ውጤት ላይ ማሰር ይሻላል፤ ኩባንያው በሁለት ዓመት ውስጥ የተባለውን ጥሬ ገንዘብ ካስገኘ ይከፈላል፣ ካላስገኘ ይቀራል። ውጤቱ በምን የሂሳብ አያያዝ እንደሚለካና ማን እንደሚለካው ግን በዚያው ውል ውስጥ፣ ፊርማው ሳይቀመጥ መስፈር ይኖርበታል።

አመሰግናለሁ።