ጉልበት ስንል የትኛውን ነው?

በአንድ የሰፈር እድር ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር

የተከበሩ የእድራችን ዳኛ፣ ጸሐፊያችን፣ ገንዘብ ያዣችን፣ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን አደራችሁ!

ከመዋጮውና ከድንኳኑ ጥገና አስቀድማችሁ ጥቂት ደቂቃ ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ዳኛችን ሲጋብዙኝ "ስለ ስፖርት አንድ ነገር በለን" አሉኝ። አሁን "ስፖርት" የሚለው ቃል ሲጠራ ከኋላ የተቀመጡ ሁለት እናቶች ነጠላቸውን አስተካክለው ተያዩ። አይቻለሁ። "ይሄስ ለልጆቹ ነው" ማለታቸው ነው። እንዲያውም የመጣሁት ለእነዚህ እናቶች ብዬ ነው። ልጆቹ ስልካቸውን ቢነካኩም አልቀየምም።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንሞክር። ጉልበቱን ወይም ዳሌውን ቀዶ ሕክምና ያደረገ፣ ሲነሳ የሚያዞረው ሰው ይቅርበት። ሌሎቻችን እጃችንን ደረታችን ላይ እናጣምር። አሁን ምንም ሳንደገፍ ከአግዳሚው እንነሳ። እንቀመጥ። ደግመን እንነሳ። አምስት ጊዜ።

እሺ፣ ተቀመጡ። ያንን የ"እህ" ድምፅ ሰምቼዋለሁ። የጎረቤቱን ትከሻ የተደገፈም አለ፤ ስም አልጠራም።

እኛ ፊዚዮቴራፒስቶች የሰውን ጥንካሬ ከምናይባቸው መንገዶች አንዱ ይሄ ነው። ፊዚዮቴራፒስት ምን እንደሆነ ለማታውቁ፣ እናቴ ለጎረቤት ስታስተዋውቀኝ "የተማረ ወጌሻ ነው" ትላለች። እሱ ይበቃል።

ስለ እናቴ ልንገራችሁ። ከሦስት ዓመት በፊት ግቢ ውስጥ አዳልጧት ወደቀች። የእጇ አንጓ ተሰበረ፣ ጀሶ ታሰረላት። ከሕክምና ቦታው ሲያሰናብቷት "ምንም ነገር አያንሱ፣ ይረፉ" አሏት። እስከ መቼ እንደሆነ የነገራት የለም። ጎረቤት ደግሞ ጨመረበት። "ኧረ አንቺ ተቀመጪ!" "ጋደም በይ እንጂ!" እህቴ መጥረጊያውንም ባልዲውንም ከእጇ ቀማቻት። ጀሶው በስድስት ሳምንት ተፈታ። ዕረፍቱ ግን ስምንት ወር ቀጠለ።

አንድ እሁድ ቡና ታፈላለች። በርጩማዋ ላይ ናት። አቦሉ ተጠጣ፣ ቶናው ተጠጣ። ለበረካው ውኃ ልታመጣ መነሳት ፈለገች። ቀኝ እጇን መሬት ላይ አሳረፈች። አልሆነም። ግራ እጇን ጉልበቷ ላይ ጫነች። አልሆነም። ረከቦቱን ልትደገፍ እጇን ሰደደችና ተወችው፤ ስኒዎቹ ላዩ ላይ ናቸው። ቀና ብላ አየችኝና "ውኃውን አንተ አምጣው" አለችኝ። እንደ ቀላል ነገር። እኔም እንደ ቀላል ነገር አመጣሁት። የሰው መነሳትና መቀመጥ እያየሁ እንጀራዬን የምበላ ሰው፣ እናቴ መነሳት እንዳቃታት የገባኝ ማታ አልጋዬ ላይ ነው።

በአማርኛችን ጉልበት ማለት መታጠፊያውም ነው፣ ኃይሉም ነው። "ጉልበቴን አመመኝ" እንላለን፤ "ጉልበት የለኝም" እንላለን። እናቴን መታጠፊያው አላመማትም። ያለቀባት ሌላኛው ጉልበት ነው። የእጅ አንጓ ተሰብሮ እግር ደከመ። ለምን? ስላረፈች።

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ አልፋቸዋለሁ፣ እዚህ ላይ ግን ልቆይ። "ዕድሜው ሲገፋ ሰው ማረፍ አለበት" እንላለን። ለፍቅር ብለን ነው የምንለው። ዘንቢል እንቀበላለን፣ ወንበር እናቀርባለን፣ ደረጃ አናስወጣም። ጡንቻ ግን ከ30ዎቹ ዕድሜ ጀምሮ ቀስ እያለ ይቀንሳል፣ ከ60 በኋላ ደግሞ ይፈጥናል። አልጋ ላይ የዋለ ሰው እግሩ በቀናት ውስጥ ይሟሽሻል። ያልተገላበጠ ያርራል የሚለው ተረት ለቂጣ ብቻ አልተተረተም።

በፈረንጆቹ 1990 የታተመ አንድ ጥናት አለ፤ ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶችም በፈረንጆቹ ናቸው። አሜሪካ፣ ቦስተን፣ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ የተሠራ ነው። አማካይ ዕድሜያቸው 90 ዓመት የሆነ 10 ሰዎች ተመረጡ። ሩጫ አይደለም የተሰጣቸው። ክብደት ነው፤ በእግር የሚገፋ፣ ከበድ ያለ፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ለስምንት ሳምንት። አንዱ አቋረጠ፣ ዘጠኙ ጨረሱ። የእግራቸው ጥንካሬ በአማካይ በ174 በመቶ ጨመረ። ወደ ሦስት እጥፍ ማለት ነው። ሁለቱ ምርኩዛቸውን ተዉ። እጃቸውን ሳይጠቀሙ ከወንበር መነሳት ከማይችሉት ሦስቱ አንዱ ተነሳ። አንድ ብቻ፤ አላጋንንም። ግን ለዚያ ሰው ሽንት ቤት ብቻውን መሄድ ማለት ነው።

የጥናቱ ቀሪ ክፍል ብዙ አይወራም። ከዚያ በኋላ ለአራት ሳምንት ሲያቆሙ ጥንካሬያቸው በ32 በመቶ ቀነሰ። ጡንቻ እንደ እድር ነው፤ መዋጮ ያቋረጠውን ይሰርዛል። ልዩነቱ፣ በ90 ዓመትም ተመልሶ መመዝገብ ይቻላል። የእኛ እድር እንኳ ይሄን አይፈቅድም፣ ዳኛችን ይቅር ይበሉኝ።

ቀጥሎ የምሰማው "ጉልበቴ ያልቃል" የሚለው ነው። አሁን መታጠፊያውን ማለት ነው። ጉልበት እንደ መኪና ጎማ በሄደ ቁጥር የሚያልቅ ይመስለናል። ጉልበት ግን ጎማ አይደለም። የመገጣጠሚያ ልስልስ አጥንት የራሱ ደም ሥር የለውም፤ ምግቡን የሚያገኘው ስንጫነውና ስንለቀው ነው፣ ልክ እንደ ስፖንጅ። በ2017 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ሥራ ታትሞ ነበር። የዳሌና የጉልበት መገጣጠሚያ መድከም ለጤናቸው በሚሮጡ ሰዎች ላይ 3.5 በመቶ፣ በማይሮጡት ላይ 10.2 በመቶ ነበር። ለውድድር በሚሮጡት ላይ ግን 13.3 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል። እንግዲህ ማብዛትም አለ። ያበጠ፣ የሚያቃጥል፣ የሚቆለፍ ጉልበት ያለው ሰው ደግሞ ከእኔ ንግግር በፊት ምርመራ ነው የሚያስፈልገው።

ወደ ሴቶቹ ልምጣ። "ሴት ልጅ ብረት ካነሳች ወንድ ትመስላለች" ይባላል። ይህን ከሚሉኝ እናቶች ብዙዎቹ ከቦኖ ጀሪካን ተሸክመው ያደጉ ናቸው። 20 ሊትር ውኃ 20 ኪሎ ነው። ጀርባቸው ላይ አድርገው ዳገት ወጥተውበታል፣ አንዳንዴም ልጅ ፊት ለፊት ታቅፈው። ጂም ቤት ውስጥ 20 ኪሎ ዳምቤል ሲያዩ ግን "ኧረ እሱ ለወንድ ነው" ይላሉ። ጀሪካኑ ወንድ አላደረጋችሁም። ጡንቻን ከሚያገዝፉት ነገሮች ዋናው ቴስቶስቴሮን የሚባለው ሆርሞን ነው፤ የአዋቂ ወንድ መጠን ከሴት ወደ 15 እጥፍ ይበልጣል። ደግሞ ጡንቻ በስህተት አይበቅልም። ሊያበቅሉት ዓመት ሙሉ የሚደክሙትን እነዚያን ወጣቶች ጠይቋቸው።

ሴቶች የሚፈሩት ያው የሚያስፈልጋቸውን ነገር ነው። የወር አበባ ከቆመ በኋላ አጥንት ቶሎ ይሳሳል። አጥንት ደግሞ ጭነት ሲያገኝ ነው የሚጠነክረው። ስኳር ያለባችሁም ልብ በሉ፦ ከምግብ በኋላ ደም ውስጥ የገባውን ስኳር በብዛት የሚወስደው ጡንቻ ነው። ማድጋው ሲጠብ ውኃው ይፈሳል።

ወንዶች ዝም ብላችሁ የምታልፉ መሰላችሁ? ቦርጭ አለ። እኛ አገር አንድ ሰው ሦስት ኪሎ ሲቀንስ "ምነው፣ አመመህ እንዴ?" ይባላል፤ ሲጨምር "ተመችቶሃል" ይባላል። ስለዚህ ቦርጭ እስኪያስጨንቅ ድረስ አሥር ዓመት ይመቸዋል። ከዚያ ሰውዬው በየማታው ሲት አፕ ይጀምራል። ሆድ በማንቀሳቀስ የሆድ ስብ አይቀልጥም። በ1971 የቴኒስ ተጫዋቾች ክንድ ተለክቶ ነበር። የሚመቱበት ክንድ ጡንቻው ወፍሯል። ከቆዳው ሥር ያለው ስብ ግን በሁለቱም ክንድ እኩል ነው። ሺህ ጊዜ ያወዛወዙት ክንድ ስቡን አልጣለም። ሰውነት ስብ የሚያወጣው ከየትኛው ኪስ እንደሆነ እሱ ነው የሚመርጠው።

ሌላው ላብ ነው። ማለዳ መስቀል አደባባይ ሂዱ። ከውስጥ ፌስታል ጠቅልሎ፣ ከላይ ወፍራም ጃኬት ደርቦ ደረጃውን ወዲያ ወዲህ የሚል ሰው አታጡም። ሲጨርስ ሚዛን ላይ ይወጣል፣ አንድ ኪሎ ቀንሷል፣ ደስ ይለዋል። ሁለት ጠርሙስ ውኃ ሲጠጣ ኪሎው ተመለሰ። ስብ በላብ አይወጣም። አውስትራሊያ ያሉ ተመራማሪዎች በ2014 አስልተውታል፦ 10 ኪሎ ስብ ሲቃጠል 8.4 ኪሎው የሚወጣው በትንፋሽ ነው፣ ቀሪው ውኃ ይሆናል። ቁጭ ብሎ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ግን አያከሳም፤ ያዞራል እንጂ።

ለወጣቶቹ አጭር ነኝ። እኔም በ16 ዓመቴ ጎረቤት ጓሮ ብረት ሠርቻለሁ። የወተት ጣሳ በሲሚንቶ ሞልተን በቧንቧ አያያዝነው። አንዱ ጣሳ ከሌላው ይከብድ ስለነበር ሁላችንም ወደ ግራ ዘመም ብለን አደግን። አጎቴ "አጭር ሆነህ ትቀራለህ" ይለኝ ነበር። አጎቴ ራሱ አጭር ነው፤ ብረት ነክቶ አያውቅም። በአግባቡ፣ የሚያውቅ ሰው እያየው የሚሠራ ልጅ ቁመቱ አይቀርም። የሚጎዳው ከአቅም በላይ መፎካከርና እግር ላይ የሚወድቅ ጣሳ ነው። ጥሬ እንቁላልም እንጠጣ ነበር። ሰውነት ከበሰለ እንቁላል ፕሮቲን 90 በመቶ ያህሉን ሲጠቀም ከጥሬው የሚያገኘው ግማሹን ገደማ ነው። ቀቅሉት። በማግስቱ ደረጃ መውረድ ሲያቅታችሁ ደግሞ "አሲድ ነው" አትበሉ። ጡንቻ ሲሠራ የሚወጣው ላክቲክ አሲድ የሚባለው ከልምምዱ በኋላ በሰዓት ገደማ ከደም ይጠፋል። ሕመሙ ያልለመደ ጡንቻ የደረሰበት ጥቃቅን ጉዳት ነው፣ በጥቂት ቀን ይለቃል። ያላመመው ሰው አልሠራም ማለትም አይደለም።

አንድ ነገር ከወጣትም ከሽማግሌም እሰማለሁ። "እኛ የሯጭ አገር ነን።" ስለዚህ ስፖርት ማለት ሩጫ ይሆንና መሮጥ ያልቻለ ሁሉ ከስፖርት የወጣ ይመስለዋል። ሻምበል አበበ ቢቂላን አስቡ። በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ፣ በ1964 ቶኪዮ ላይ ደግሞ አሸነፈ። ቶኪዮ ማራቶኑን ጨርሶ ሜዳው ላይ ተጋድሞ ሰውነቱን ሲያፍታታ ዓለም ጉድ አለ። ያን ሁሉ እናወራለን። በ1969 የመኪና አደጋ ከወገብ በታች ሽባ ሲያደርገው ያደረገውን ግን ብዙ አናወራም። በማግስቱ ዓመት እንግሊዝ አገር በአካል ጉዳተኞች ውድድር ቀስት ይዞ ቀረበ። እግሩ እምቢ ሲለው በክንዱ ስፖርተኛ ሆነ።

እንግዲህ ምን እናድርግ? የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ያወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይላል፤ ፈጠን ያለ እርምጃ ይበቃል። ይሄን ብዙ ሰው ሰምቷል። ከሥሩ ያለው ዓረፍተ ነገር ግን ይዘለላል፦ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ። 65 ዓመት ለሞላቸው ደግሞ ሚዛን መጠበቅን የሚያለማምድ እንቅስቃሴ ሦስት ቀን ይጨመራል።

ከእናቴ ጋር ያደረግነው ይሄን ነው። የምግብ ጠረጴዛውን ወንበር ወሰድን፣ ሁለት ትራስ ጨመርንበት። ከፍ ካለ መነሳት ይቀላል። እጅ ሳትጠቀም አምስት ጊዜ። ዕረፍት። እንደገና አምስት። ስትነሳ ትንፋሿን እንዳትይዝ ጮክ ብላ እንድትቆጥር አደረግኳት፤ የደም ግፊት ያለበት ሰው ትንፋሹን ይዞ መግፋት የለበትም። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ትራስ አወጣን። ከዚያ ሁለተኛውን። ከዚያ ሶፋ፤ ሶፋ ዝቅ ስለሚልና ስለሚውጥ ይከብዳል። ለእጇ ባለ ሁለት ሊትር የዘይት ጠርሙስ አሸዋ ሞላንላት። ለደረቷና ለትከሻዋ ግድግዳ ተደግፋ ፑሻፕ። ጎረቤቶች "ምን ነካት?" አሉ። እሷም ለአንድ ሳምንት ያህል መጋረጃ ዘግታ ነው የሠራችው።

በርጩማው አራት ወር ፈጀ። አሁን ከበርጩማዋ ትነሳለች። አሁንም አንድ እጇን ጉልበቷ ላይ ጣል ታደርጋለች፤ እያየኋት መሆኑን ስታውቅ ታነሳዋለች።

ከሚቀጥለው ቅዳሜ ጀምሮ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የእድሩ ዕቃ ግምጃ ቤት ፊት ለፊት እገኛለሁ። አግዳሚዎቹን ዳኛችን ፈቅደውልናል። የዘይት ጠርሙሳችሁን ይዛችሁ ኑ፣ ውኃም ይሁን አሸዋ። የልብ፣ የግፊትና የስኳር ክትትል ያላችሁ በዚህ ሳምንት ሐኪማችሁን ጠይቃችሁ ኑ። ነጠላውን ማውለቅ ግዴታ አይደለም። ስም የሚመዘግቡት ጸሐፊያችን ናቸው። መዋጮ የለውም። የቀረ ሰው እንደ ቀብር ይቀጣ አይቀጣ የሚለውን ግን ለጉባኤው ትቼዋለሁ።

አመሰግናለሁ። ወደ ድንኳኑ ጥገና እንለፍ።